መረጃው ጠረጴዛው ላይ ነበር

ፌብሩዋሪ 24፣ 2022። (በዚህ ጽሑፍ ያሉትን ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከሩሲያዋ ቤልጎሮድ ወደ ዩክሬን ድንበር በሚወስደው መንገድ፣ ጉግል ማፕ የትራፊክ መጨናነቅ አሳየ። በዚያ ሌሊት ማን ነው መንገድ የሚያጨናንቀው? ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው የነበሩ የሚድልበሪ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ግን ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ጦሩ ተነቃንቋል። ፕሬዝዳንት ፑቲን በቴሌቪዥን ቀርበው "ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ" እስኪሉ ገና ሰዓታት ይቀሩ ነበር።

መቼም ታንክ ጉግል ማፕ ከፍቶ አይሄድም። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት፣ ካርታውን ቀይ ያደረጉት መንገድ ተዘግቶባቸው የቆሙ ተራ ሾፌሮች ስልኮች ናቸው። መጨናነቁን ብቻ አይተው ቢሆን ደግሞ "የመኪና አደጋ ይሆናል" ብለው ያልፉት ነበር። ነገር ግን ቀደም ብሎ በተነሳ የራዳር ሳተላይት ምስል እዚያው አካባቢ ለጉዞ የተሰለፈ የጦር ክፍል አይተዋል። ለብቻው ምንም የማይል ነገር፣ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ጦርነት ሆነ።

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። የትራፊኩ ቀይ መስመር መረጃ ነው። የሳተላይቱ ምስልም መረጃ ነው። ሁለቱ ተጋጥመው "ጦርነቱ ጀምሯል" የሚል ድምዳሜ ሲወጣ እሱም መረጃ ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል ነው የምንጠራቸው። ስለዚህ እዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን "ጥሬ መረጃ" እላለሁ። የመጨረሻው የበሰለው ነው። የስለላ ድርጅት ከወሬ ለቃሚ የሚለየው በዚህ ማብሰል ነው።

ስለ ስለላ ሲወራ ሁላችንም ቀልባችን የሚሄደው ወደ ስርቆቱ ነው። ሰላዩ፣ የተጠለፈው ስልክ፣ የተደበቀው ካሜራ። እኔ ግን ያለፉት 80 ዓመታት ታላላቅ ውድቀቶችን ባየሁ ቁጥር የሚገርመኝ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መረጃው አልጠፋም። ተሰብስቧል፣ ተጽፏል፣ ተልኳል። አንዳንዴም ዋናው ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

አሠራሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ሥራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ውሳኔ ሰጪው ማወቅ የሚፈልገውን ይጠይቃል። ሰብሳቢዎች ይሰማራሉ። ከሰው በኩል የሚመጣ አለ፤ ሰላይ፣ ከድቶ የመጣ ባለሥልጣን፣ ስደተኛ። ከአየር ላይ የሚጠለፍ የስልክና የሬዲዮ ግንኙነት አለ። ከሳተላይትና ከአውሮፕላን የሚነሳ ምስል አለ። ጋዜጣ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ የመርከብ እንቅስቃሴ መዝገብ፣ ማንም ሊያየው የሚችለው ግልጽ ምንጭም አለ። ከዚያ ይተረጎማል፣ ይፈታል፣ ይለያል። ተንታኙ ያገጣጥመውና ይጽፋል። ጽሑፉ ወደ ጠያቂው ይመለሳል። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ይህ ሁሉ እንደ ሰዓት በክብ ይዞራል። በተግባር ግን ክቡ ይቆራረጣል። ጠያቂው አይጠይቅም፤ ወይም መልሱን አስቀድሞ ወስኖ ነው የሚጠይቀው።

ሲሳካ ምን እንደሚመስል ለማየት ኩባን እንውሰድ። ኦክቶበር 14፣ 1962 አንድ ዩ-2 የተባለ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ከደሴቷ በላይ በርሮ ፎቶ አነሳ። ፎቶው ከሁለት ቀን በኋላ ለፕሬዝዳንት ኬኔዲ ቀረበ። ወንድማቸው ሮበርት ኬኔዲ በኋላ እንደተናገሩት፣ እሳቸው ያዩት ለእርሻ የተመነጠረ መሬት ወይም ለቤት መሠረት የተቆፈረ ቦታ የሚመስል ነገር ብቻ ነው። ፎቶ በራሱ አይናገርም። ያናገሩት ተንታኞቹ ናቸው፤ ሶቪየቶች የኒውክሌር ሚሳኤል እየተከሉ ነው አሉ። እንዴት? የሶቪየት ወታደራዊ ስለላ ኮሎኔል የነበረው ኦሌግ ፔንኮቭስኪ የሚሳኤሎቹን መመሪያ ሰነዶች ፎቶ እያነሳ ለምዕራባውያን ያቀብል ነበር። ተንታኞቹ መሬት ላይ ያዩትን ቅርጽ ከሰነዱ ጋር አመሳከሩ። የሚሳኤሉን ዓይነት ለዩ። ዋናው ደግሞ፣ ለመተኮስ ዝግጁ እስኪሆን ስንት ጊዜ እንደሚቀረው ገመቱ። ያ ግምት ለኬኔዲ ቀናት ሰጣቸው። በቀናት ውስጥ ደግሞ መነጋገር ይቻላል።

የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽታ ብዙም አይወራም። ፎቶው ከመነሳቱ አንድ ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ በፊት፣ ሴፕቴምበር 19፣ የአሜሪካ የመረጃ ድርጅቶች ይፋዊ ግምት ሶቪየቶች ኩባ ላይ የኒውክሌር ሚሳኤል የማስቀመጣቸውን ነገር አይመስልም ብሎ ነበር። ምክንያቱ? የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ እንዲህ ዓይነት ቁማር አይጫወትም፤ ጉዳቱ ያመዝናል። ሲነበብ አሳማኝ ነው። "እኛ ብንሆን አናደርገውም" ማለት ግን "እሱም አያደርገውም" ማለት አይደለም።

ይህ ስህተት በ2022 በሌላ አገር ተደገመ። አሜሪካና ብሪታንያ ሩሲያ ልትወርር ነው እያሉ በአደባባይ ሲጮኹ፣ ፈረንሳዮቹ ያንኑ የተከማቸ ጦር እያዩ አላመኑም። የፈረንሳይ ጦር ዋና አዛዥ ከወረራው በኋላ በግልጽ ተናግረውታል። ዩክሬንን መያዝ እጅግ ውድ ስለሚሆን ሩሲያ ሌላ አማራጭ ትወስዳለች ብለን አስበን ነበር፣ አሉ። ውድ መሆኑን አልተሳሳቱም! ሒሳቡ ልክ ነበር። የተሳሳቱት ሞስኮም ያንኑ ሒሳብ ትሠራለች ብለው ነው። የፈረንሳይ ወታደራዊ ስለላ ኃላፊ ብዙም ሳይቆዩ ከቦታቸው ተነሱ። የጀርመኑ የውጭ ስለላ ኃላፊ ደግሞ ወረራው ሲጀመር እዚያው ኪየቭ ነበሩ። በመኪና ወደ ፖላንድ መውጣት ግድ ሆነባቸው።

አሜሪካኖቹስ? ወረራውን በትክክል ተነበዩ። ቀጥለው ግን ኪየቭ በቀናት ውስጥ ልትወድቅ ትችላለች ብለው ገመቱ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ የተገላቢጦሽ ተሳስተው ነበር፤ የካቡል መንግሥት ከዚያ የበለጠ ይቆያል ብለው ሲጠብቁ ኦገስት 15፣ 2021 ወደቀ። ታንክ ከሰማይ ይቆጠራል። የወታደር ቁጥር፣ የነዳጅ ቦቴ፣ የመስክ ሆስፒታል ይቆጠራል። ሰው እስከ ስንት ድረስ እንደሚዋጋ ግን በሳተላይት አይታይም። ተዋጊው ራሱ ቀኑ እስኪደርስ አያውቀውም። በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ሚስጥርን ከእንቆቅልሽ የሚለዩት ለዚህ ነው። ሚስጥር አንድ ቦታ ተቆልፎ የተቀመጠ መልስ ነው፤ ይሰረቃል። እንቆቅልሽ ግን መልሱ ገና አልተወለደም። ከማን ይሰረቃል?

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልግባ። ኦክቶበር 5፣ 1973፣ ለንደን፣ ሌሊት። የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ኃላፊ ዝቪ ዛሚር በሚስጥር መረጃ ከሚያቀብላቸው ከአሽራፍ ማርዋን ጋር ተገናኙ። ማርዋን የሟቹ የግብጽ ፕሬዝዳንት የናስር አማች ነው። ነገ ጦርነት ይጀመራል አላቸው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የግብጽ ጦር የስዊዝ ቦይን ተሻገረ። ሶሪያም በጎላን በኩል ገባች።

ማስጠንቀቂያው የመጣው በመጨረሻዋ ሌሊት ብቻ ቢሆን ኖሮ "ዘገየ" ብለን እናልፈው ነበር። ግን ሴፕቴምበር 25 የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን በድብቅ መጥተው ለጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየር ስለ ሶሪያ ጦር ዝግጅት ነግረዋቸዋል። የግብጽ ጦር "ልምምድ ነው" በሚል ሽፋን ቦዩ ዳር ተከማችቷል። ሶቪየቶች ቤተሰቦቻቸውን ከካይሮና ከደማስቆ እያጣደፉ አወጡ። በደቡቡ ዕዝ የሚሠራ አንድ ወጣት ሌተናንት ኦክቶበር 1 ላይ፣ ከዚያም ኦክቶበር 3 ላይ ልምምዱ የጦርነት ሽፋን ሊሆን ይችላል ብሎ ጻፈ። አለቃው ወረቀቱን ወደ ላይ አላሳለፈም። የወታደራዊ መረጃ ክፍሉ ኃላፊ ኤሊ ዘኢራ እስከ ዋዜማው ድረስ "የጦርነት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው" እንዳሉ ነበሩ።

ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ታሪኩን የሚያስተምር የሚያደርገው ይህ ነው። "ጽንሰ ሐሳቡ" ብለው የሚጠሩት እምነት ነበራቸው። ግብጽ የእስራኤልን አየር ኃይል የሚመክት ረጅም ርቀት የሚሄድ አውሮፕላንና ስከድ ሚሳኤል ሳታገኝ አትዋጋም፤ ሶሪያም ያለ ግብጽ አትነሳም። ይህ ከአየር የታፈሰ ሐሳብ አይደለም። ማርዋን ራሱ ባቀበላቸው እውነተኛ ሰነዶች ላይ የተመሠረተ ነው። ሰነዶቹ ትክክል ነበሩ። ችግሩ የግብጹ ፕሬዝዳንት ሳዳት በኦክቶበር 1972 ሐሳባቸውን መቀየራቸው ነው። በእጃቸው ባለው መሣሪያ፣ የተወሰነ ግብ ይዘው ለመዋጋት ወሰኑ። መረጃው እውነት እንደሆነ ጊዜው አልፎበት ነበር።

ደግሞ በሜይ 1973 ተመሳሳይ ስጋት ተነስቶ ነበር። ተጠባባቂ ጦር ተጠራ፤ ብዙ ገንዘብ ወጣ። ዘኢራ ያኔም "ጦርነት የለም" ብለው ነበር። እውነትም አልመጣም። ይህ የልብ ልብ ሰጣቸው። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። አንድ ተንታኝ በጣም አደገኛ የሚሆነው ከተሳሳተ በኋላ ይመስለን ይሆናል። በትክክል ከገመተ በኋላ ነው። የጦርነቱ ዋጋ ከ2,500 በላይ የእስራኤል ወታደሮች ሕይወት ሆነ። የአረቡ ወገን የሞተው ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። አጣሪው የአግራናት ኮሚሽን ዘኢራ ከኃላፊነት እንዲነሱ ሐሳብ አቀረበ።

ከጦርነቱ በኋላ በእስራኤል ወታደራዊ መረጃ ውስጥ ተቃራኒውን የሚከራከር ክፍል ተቋቋመ። ሥራው ሁሉም "አዎ" ሲል "ምናልባት አይደለም" ማለት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላምንበትም። ደሞዝ የሚከፈለው ለመቃወም የሆነ ሰው ሲቃወም ማን ይደነግጣል? "ሥራው ስለሆነ ነው" ተብሎ ይታለፋል።

ቃላትም ሌላ ጣጣ ናቸው። በ1951 የአሜሪካ የመረጃ ግምት ሶቪየቶች ዩጎዝላቪያን ሊያጠቁ የመቻላቸው ነገር "በቁም ነገር መታየት ያለበት ዕድል" ነው ብሎ ጻፈ። ግምቱን ያዘጋጀው ክፍል ሰው የነበሩት ሸርማን ኬንት "ይህ ሐረግ በቁጥር ስንት ነው?" ተብለው ተጠየቁ። 65 ለ35 ገደማ፣ ጥቃት ወደመኖሩ ያዘነብላል አሉ። ጠያቂው ደነገጡ፤ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር የገባቸው። ኬንት ተመልሰው የራሳቸውን ባልደረቦች ጠየቁ። አንዱ 20 በመቶ፣ ሌላው 80 በመቶ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተስማምተው የፈረሙ ሰዎች ናቸው እንግዲህ!

በአማርኛም እንሞክረው። "ሊያጠቁ ይችላሉ"፣ "ሳያጠቁ አይቀሩም"፣ "የሚያጠቁ ይመስላል"። አሥር ሰው ሰብስባችሁ እያንዳንዱን በመቶኛ ተርጉሙ ብትሉ አሥር ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። "ሳያጠቁ አይቀሩም" ለእኔ 80 በመቶ ነው፤ ለሌላው ግማሽ በግማሽ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ዛሬ የአሜሪካ የመረጃ ድርጅቶች ቃላቱን በቁጥር የቆረጡት። በደንባቸው ከ55 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው አንድ ቃል አለው፣ ከ80 እስከ 95 የሚሆነው ሌላ። ከዚህም በላይ ሁለት ነገር እንዲለዩ ይገደዳሉ። ነገሩ የመሆን ዕድሉ አንድ ነው። ያን ግምት የሰጠንበት ማስረጃ ጥንካሬ ሌላ ነው። በደካማ ማስረጃ ላይ የቆመ 80 በመቶ ከጠንካራው ጋር እኩል አይደለም።

ቁጥርም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። በ2011 ቢን ላደን ፓኪስታን አቦታባድ በሚገኝ ግቢ ይኖራል ወይ የሚለው ጥያቄ ለኦባማ ሲቀርብ፣ የቀረበላቸው ግምት ከ40 እስከ 95 በመቶ ይለያይ ነበር። ጥሬው መረጃ ለሁሉም አንድ ነው። ለቢን ላደን የሚላላክ ሰው ዱካ፣ ረጃጅም ግንብ፣ ስልክና ኢንተርኔት የሌለው ቤት፣ ቆሻሻውን እዚያው የሚያቃጥል ቤተሰብ፣ ግቢው ውስጥ እየተመላለሰ የሚራመድ አንድ ረጅም ሰው። ኦባማ በመጨረሻ ግማሽ በግማሽ ነው አሉ። ከዚያም ወታደሮቹን ላኩ። ይህ ስንፍና ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አንድ ውሳኔ ሰጪ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ሊሆን የሚችል አይመስለኝም። መረጃው እርግጠኝነት አልሰጣቸውም። ተጠያቂነቱን ግን ወደ ተንታኞቹ አልገፉም።

የ2003ቱ የኢራቅ ወረራ ጉዳይ የዚህ ተቃራኒ ነው። "ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ" ይባል የለ? እዚያ ከሥሩ ያየ ሰው ጠፋ። "ከርቭቦል" የሚል የሽፋን ስም የተሰጠው ኢራቃዊ ጥገኝነት ጠያቂ ለጀርመን ስለላ ሰዎች ስለ ተንቀሳቃሽ የባዮሎጂ መሣሪያ ላቦራቶሪዎች አወራ። ጀርመኖች ቃሉን ለአሜሪካኖች አስተላለፉ። ከዚህ ከአንድ ሰው አፍ ወደ 100 የሚጠጉ ሪፖርቶች ወጡ። ሪፖርት ሲበዛ ማስረጃ የበዛ ይመስላል። ፌብሩዋሪ 5፣ 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርበው ላቦራቶሪዎቹን በሥዕል አሳዩ። ላቦራቶሪዎቹ አልነበሩም። ሰውየው ከዓመታት በኋላ መዋሸቱን በራሱ አንደበት አመነ። ወጪው ግን በ2003 ብቻ አላበቃም። በ2022 ዋሽንግተን እውነቱን ስትናገር አውሮፓ ያመነታችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ውሸት ነው።

ተንታኝ አለቃው መስማት የሚፈልገውን ሲያውቅስ? በ1941 የጸደይ ወራት ጀርመን ልትወርር ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ለስታሊን ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ነበር። ከቶኪዮ የሶቪየቱ ሰላይ ሪቻርድ ዞርጌ ይጽፋል። ከበርሊን፣ ከጀርመን አየር ኃይል ዋና መምሪያ ውስጥ፣ ሌላ ምንጭ ይጽፋል። ስታሊን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የበርሊኑ ሪፖርት በጁን አጋማሽ ሲደርሰው ጠርዙ ላይ ምንጩን በእናቱ የሚሳደብ ማስታወሻ ጻፈበት። ከቀናት በኋላ፣ ጁን 22፣ ጀርመኖች ድንበሩን ጣሱ። የወታደራዊ ስለላው ኃላፊ ጎሊኮቭ ማስጠንቀቂያዎቹን ሲያቀርብ "የእንግሊዝ ማሳሳቻ ሊሆን ይችላል" የሚል መጠቅለያ ያበጅላቸው ነበር። ከሱ በፊት የነበረው ኃላፊ ያልተፈለገ ነገር በመናገሩ ከቦታው ተነስቷል፤ 1941 ሳያልቅም ተረሸነ። በጎሊኮቭ መፍረድ ይከብደኛል።

ዛሬ ጥሬ መረጃ ከዚያ ዘመን ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። የንግድ ሳተላይት ምስል ማንም ይገዛል። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሺህ ገጹን በደቂቃ አሳጥሮ ያቀርባል። ጠቃሚ ነው፤ የሚያነበው ሰው ብዛትማ ከሚመጣው ጋር ሊመጣጠን አይችልም። እኔን የሚያሳስበኝ ሲያጥር ምን ይቀራል የሚለው ነው። በማጠቃለያ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ጥርጣሬው ነው። "ሳይሆን አይቀርም" የሚለው "ነው" ይሆናል። የአንድ ሰው 100 ሪፖርት 100 ምንጭ መስሎ ይደመራል። ወጣቱ ሌተናንት የጻፈው ዓይነት አንድ ለብቻው የወጣ ወረቀት ደግሞ ከብዙኃኑ ጋር ስለማይገጥም ተጨፍልቆ ይወጣል።

ያ ሌተናንት ከጻፈ 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በጁላይ 2023፣ የስልክና የሬዲዮ ግንኙነት በሚጠልፈው የእስራኤል ክፍል፣ በ8200፣ የምትሠራ አንዲት ልምድ ያላት ተንታኝ ኢሜይል ጻፈች። በኋላ እንደተዘገበው፣ ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ "የኢያሪኮ ግንብ" የሚል ስም የተሰጠው፣ ወደ 40 ገጽ የሚሆን የሐማስ የጥቃት ዕቅድ በእስራኤሎች እጅ ገብቶ ነበር። ከሐማስ አቅም በላይ ነው ተብሎ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ግን ሐማስ ያደረገውን አንድ ልምምድ አይታ ከዕቅዱ ጋር አንድ ለአንድ እንደሚገጥም አስተዋለች። ተቃራኒ ተከራካሪው ክፍል ያኔም ነበረ። አንድ ኮሎኔል ሥራዋን አመሰገነና ሁኔታው የምናብ ነው ብሎ መለሰላት። እሷም የምናብ እንዳልሆነ መልሳ ጻፈችለት። ጁላይ አለፈ፤ ኦገስት አለፈ፤ ሴፕቴምበርም አለፈ።